የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ “ለምን?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

ሰላም ውድ አንባቢዎች። በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መድልዎ ናቸው፣ ግን የሚገርመው ማንም ተደበደብኩ ወይ በግልጽ ተሰደብኩ ብሎ የጻፈልን የለም። ሁሉም ነገር የሚፈጸመው በጨዋ ቃል ነው፣ ይቅርታ ቦታው ተይዟል፣ ህጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ እኛ እንኳን ችግር የለብንም ግን ሌሎቹ ምን ይላሉ... እንደዚ እየተባለ። ጨዋ ቃል ደግሞ ለመቆጣትም አይመችም፣ ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያመው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል፣ ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥተናል። መልሱ ላይ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም የዝግጅት ክፍሉ። ባለፈው ለአንድ ስራ ኢንተርቪው ቀርቤ ነበር፣ የጽሁፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት፣ ከዛ ማኔጀሩ አግብተሻል ወይ አለኝ፣ አዎ ስለው ልጅስ ለመውለድ አስባችኋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ደነገጥኩና ወደፊት ፈጣሪ ካለ አልኩት። ከሶስት ቀን በኋላ ቦታው ተይዟል ተባልኩ፣ ማስታወቂያው ግን እስካሁን ኦንላይን ላይ አለ። ባለቤቴ እርሺው ይለኛል እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይሄ መድልዎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ ምንም አላጋነንሽም። እንቅልፍ ያሳጣሽ ደግሞ የስራው መቅረት ብቻ አይመስለኝም፣ ምክንያቱን አንቺም እነሱም እያወቃችሁት ማንም በአፉ አለመናገሩ ነው።

እስቲ እንዲህ አድርገሽ እዪው፣ ካንቺ ቀጥሎ የገባው ወንድ አመልካች ልጅ ለመውለድ አስበሃል ወይ ተብሎ ተጠይቆ ይሆን? ካልተጠየቀ ጥያቄው ስለ ስራው አልነበረም፣ ሴት ስለሆንሽ የመጣ ጥያቄ ነው። ይሄ የኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስልሽ። የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 ያጸደቀውና በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን የሚከለክለው ስምምነት አንቀጽ 11 ላይ ሴት ከወንድ እኩል የመቀጠር እድል አላት፣ የምትመዘነውም በተመሳሳይ መስፈርት ነው ይላል፣ በእርግዝና ወይ በጋብቻ ምክንያት ከስራ ማባረርንም ይከለክላል፣ 189 አገሮች ተቀብለውታል። ከዛ በፊት በ1958 የአለም የስራ ድርጅት በቁጥር 111 ስምምነቱ በጾታ ምክንያት በቅጥር ላይ ልዩነት ማድረግን መድልዎ ብሎታል። ያው ድርጅት በ2000 ባወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት እንደውም ስራ ፈላጊን የእርግዝና ምርመራ አምጪ ማለት ክልክል ነው ይላል፣ በህግ ከተለዩ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ምርመራውን መጠየቅ ካልተቻለ እቅድሽን መጠየቅ ምን ልዩነት አለው? አገርሽ የትኞቹን እንደተቀበለች ማየት አለብሽ፣ የስራ ህጉንም ጨምረሽ እዪው፣ ብዙ አገር ተመሳሳይ ነገር በራሱ ህግ ውስጥ አስገብቷል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ፣ ዛሬውኑ ነገ ሳትዪ የሆነውን ጻፊው። ቀኑን፣ ሰአቱን፣ ክፍሉ ውስጥ እነማን እንደነበሩ፣ እና የተባለውን ልክ እንደተባለው። አዋረደኝ ብለሽ አትጻፊ፣ “ልጅስ ለመውለድ አስባችኋል ወይ አለኝ” ብለሽ ጻፊ። ስሜትሽ እውነት ነው፣ ግን ሌላ ሰው ፊት የሚቆምልሽ ቃሉ ነው። ማስታወቂያውንም ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺው፣ ነገ ሊያጠፉት ይችላሉ።

ቀጥሎ አጭር ኢሜይል ላኪላቸው፣ ሳትቆጪ፣ ለምሳሌ እንዲህ፦ “በዚህ ቀን ለዚህ የስራ ቦታ ለኢንተርቪው ቀርቤ ነበር። ያልተመረጥኩበትን ምክንያትና የመምረጫ መስፈርቱን በጽሁፍ ብታሳውቁኝ። ስለ ጋብቻና ልጅ የተጠየቅኩት ከስራው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለውም እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።” በቃ ይሄው ነው። ቢመልሱም ባይመልሱም ይጠቅምሻል፣ ምክንያት ከሰጡ ማስታወቂያው ላይ ካለው መስፈርት ጋር ታስተያዪዋለሽ፣ ዝም ካሉም ጠይቀሽ እንዳልተመለሰልሽ ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል። ምክንያቱም በብዙ አገር ህግ መድልዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስረዳት ያንቺ ሸክም ብቻ አይደለም፣ አንቺ መድልዎ አለ የሚያስብል ነገር ካሳየሽ፣ የለም በሌላ ምክንያት ነው ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ማስረጃ የለኝም እያለ ቤቱ ይቀመጣል፣ ስንቱ ጉዳይ እንደዚ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር አደራ፣ የአቤቱታ ጊዜ አጭር ነው፣ ብዙ ቦታ የሚቆጠረው በወራት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ እስከ መቼ ማቅረብ እችላለሁ የሚለው ይሁን። የስራ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት፣ ነጻ የህግ ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች፣ ወይም የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጋ መሄድ ትችያለሽ። እንዲህ አይነት ኮሚሽኖች ከመንግስት ነጻ ሆነው መስራት እንዳለባቸው የፓሪስ መርሆዎች የሚባሉት በ1993 በጠቅላላ ጉባኤው ጸድቀዋል፣ ሁሉም አገር እንደዛ ይሰራሉ አልልሽም፣ ግን በሩ አለ። ባለቤትሽም እርሺው የሚልሽ ስትጎጂ ማየት ስላልፈለገ ይሆናል፣ የጻፍሽውን አሳዪውና አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ቤት ለመከራየት ስደውል አነጋገሬን ይሰሙና ከየት ነህ ይሉኛል፣ ስነግራቸው ኧረ ተከራይቷል ይላሉ። አራት ቦታ እንደዚ ሆነብኝ። በመጨረሻ የስራ ባልደረባዬን እስቲ አንተ ደውል አልኩት፣ ከኔ ሀያ ደቂቃ በኋላ ነው የደወለው፣ አለ ና እየው አሉት። አሁን እኔ ምን ማለት እችላለሁ፣ ቤቱ የራሳቸው አይደል? (ቤት ፈላጊው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አራት ጊዜ ከየት ነህ ተብሎ አራት ጊዜ ስልክ መዝጋት ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል፣ አይዞህ።

ሳታውቀው ግን የመድልዎ መርማሪዎች የሚሰሩትን ስራ ነው የሰራኸው። ሁለት ሰው በሁሉም ነገር አንድ አይነት ሆኖ፣ በአንድ ነገር ብቻ ተለያይቶ፣ አንድ በር ሲያንኳኳ የሚሰጠውን መልስ ማነጻጸር ማለት ነው። በ2004 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፣ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ቦስተንና ቺካጎ ላይ ወደ 5000 የሚጠጋ ሲቪ ለስራ ማስታወቂያዎች ላኩ፣ ሲቪዎቹ ላይ የነጭ ወይም የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ስም በእጣ እያደሉ፣ ትምህርቱና ልምዱ እኩል ሆኖ የነጭ የሚመስለው ስም 50 በመቶ የሚበልጥ ጥሪ አገኘ። አስበው፣ ሰውየውን ማንም አላየውም፣ ስሙን ብቻ ነው ያዩት። ባንተም የሆነው እሱ ነው፣ ማንም አላየህም፣ ድምጽህን ብቻ ነው የሰሙት።

ይሄ አይነቱ ሙከራ ፍርድ ቤትም ያውቀዋል። በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር፣ አንዲት ጥቁር ሴት አፓርትመንት ስትጠይቅ የለም ትባላለች፣ አብሯት የሚሰራው ነጭ ሰውዬ ግን አለ ይባላል። ሴትየዋ በእውነት ለመከራየት አይደለም የሄደችው፣ ለመፈተን ነው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ውሸት ስለተነገራት ብቻ የመክሰስ መብት አላት አለ። አንተ ደግሞ በእውነት ቤት ፈልገህ ነው።

ቤቱ የራሳቸው አይደል ላልከው፣ አዎ የራሳቸው ነው፣ ኪራዩን የመክፈል አቅም እንዳለህ መጠየቅም መብታቸው ነው። ግን ማስታወቂያ አውጥተው ለህዝብ ካቀረቡት በኋላ ለነዚ ሰዎች አናከራይም ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። በ1965 የጸደቀው የዘር መድልዎን የሚከለክለው ስምምነት ዘር ሲል የቆዳ ቀለምን ብቻ አይደለም፣ የትውልድ ሀረግን፣ ብሄርንና የመጡበትን አገር ጭምር ነው፣ ከዘረዘራቸው መብቶች ውስጥም የመኖሪያ ቤት አለበት። አነጋገር በዝርዝሩ ላይ በስም የለም፣ ግን አነጋገርህን ሰምተው ከየት ነህ ብለው መልስህን ተከትለው ከዘጉህ አነጋገሩ ምልክት ነው የሆነላቸው፣ የተዘጋው ማንነትህ ላይ ነው።

ከደገምከው በደንብ አድርገህ ድገመው፣ በአንድ ቀን፣ ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ ገቢና የስራ ሁኔታ እየተናገራችሁ፣ ሁለታችሁም ሰአቱንና የተባላችሁትን ለየብቻ ወዲያው ጻፉ። በቴክስት ብትጠይቅ ደግሞ ይሻላል፣ መልሱ በራሱ ተጽፎ ይቀመጥልሃል። ስልክ ለመቅዳት አትቸኩል፣ አንዳንድ አገር ሳያስፈቅዱ መቅዳት ራሱ ወንጀል ነው፣ መጀመሪያ አጣራ። ለባልደረባህም ቃሉን ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከሰራተኞቼ አንዱ የማየት አቅሙ እየቀነሰ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሁፉን በድምጽ የሚያነብለት ፕሮግራም እንዲጫንለት፣ ሰነድ በሶፍት ኮፒ እንዲደርሰው፣ ጠዋት ደግሞ የመንገዱ ግርግር ካለፈ በኋላ ገብቶ ማታ እንዲያካክስ ጠየቀኝ። ጥሩ ሰራተኛ ነው አልክድም። ግን የመግቢያ ሰአት ህጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ ለሱ ካደረግኩ ሌላውም ይጠይቀኛል፣ ይሄ ራሱ አድልዎ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ጥያቄዎን በቅንነት እንደጠየቁ ከደብዳቤዎ ያስታውቃል፣ እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስልዎት። አይሆንም። እንደውም መድልዎ የሚሆነው አለማድረጉ ነው።

በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚባል ነገር አለው። አንድ አካል ጉዳተኛ ከሌላው እኩል እንዲሰራ የሚያስፈልገው ለውጥ፣ በአሰሪው ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና እስካላመጣ ድረስ፣ ሊደረግለት ይገባል፣ መከልከሉ ራሱ መድልዎ ነው ይላል አንቀጽ 2። ከአቅም በላይ ነው ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ማስላት ይጠይቃል፣ ሳይሰሉ ውድ ነው ማለት ሰበብ ነው።

ህጉ ለሁሉም አንድ ነው የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ደህና ሰው የሚሳሳተው እዚጋ ነው። አንድ አይነት ህግ ለተለያየ ሰው አንድ አይነት ውጤት አያመጣም። አሜሪካ ውስጥ በ1971 የተፈረደ የታወቀ ጉዳይ አለ፣ ኖርዝ ካሮላይና ያለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጥቁር ሰራተኞችን በግልጽ ለያይቶ ዝቅተኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ያሰራ ነበር፣ ያንን መለያየት ህግ ሲከለክልበት ወደ ተሻለው ክፍል ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የችሎታ ፈተና ይጠየቅ አለ። ቃሉን ካዩት ለሁሉም አንድ ነው፣ ዘር የሚል ነገር የለበትም። ግን ጥቁሮቹ ለትውልድ የተለየና ያነሰ ትምህርት ቤት ሲማሩ የኖሩ ናቸው፣ ስለዚህ መስፈርቱ አብዛኞቹን አስቀረ፣ ዲፕሎማ የሌላቸው ነጮች ደግሞ ከድሮ ጀምሮ እዛው ክፍል ውስጥ ስራቸውን በደንብ እየሰሩ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት በአንድ ድምጽ ለሰራተኞቹ ፈረደ፣ መስፈርቱ ከስራው ጋር ግንኙነት ከሌለው የታሰበው በቅንነት ቢሆንም አያድነውም ነው ያለው። ቀጥተኛ ያልሆነ መድልዎ የሚባለው ይሄ ነው።

ወደ እርስዎ ቢሮ ስንመለስ፣ የመግቢያው ሰአት ለምንድነው የተቀመጠው? ጠዋት በሩ ላይ የሚጠብቅ ደንበኛ ካለ ምክንያት አለው፣ ያንን ሰራተኛው ራሱ ይረዳል፣ ሌላ ሰው ጠዋት ቆሞለት እሱ ማታ የሚተካበት መንገድ አብራችሁ ትፈልጋላችሁ። ምክንያቱ ድሮም እንደዚ ነበር የሚል ብቻ ከሆነ ግን እሱ ምክንያት አይደለም።

ወጪውን በተመለከተ ምናልባት ይገርምዎት ይሆናል፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው ለዊንዶውስ የሚሆን ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሁፍ በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም) በነጻ ነው የሚሰጠው፣ ስልኮች ላይም እንዲህ አይነቶቹ ፕሮግራሞች፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ ሳይገዙ አብረው ይመጣሉ። በየትኛው ቋንቋ ጥሩ አድርጎ እንደሚያነብለት ግን እሱ ይሞክረው እንጂ እርስዎ አይምረጡለት። ትልቁ ችግር ፕሮግራሙ አይደለም፣ ሰነዱ ነው። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ ሲላክለት ለስክሪን ሪደር ያ ፎቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ በደንብ አያነብለትም። ዋናውን የተተየበውን ፋይል አብራችሁ ላኩለት፣ በቃ፣ ይሄ ምንም አያስወጣም፣ ግን የሚያስታውሰው ሰው ስለሌለ ነው ሰው ስራ የሚያቆመው። የስክሪኑን ብርሃንና የፊደሉን መጠን፣ መስኮቱ የትጋ እንዳለም ጠይቁት።

ሌሎቹ ቢጠይቁኝስ ላሉት፣ ይጠይቁ። ለስራው የሚያስፈልገው ነገር ተሟልቶለታል፣ እናንተም እንደዛ የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ በሬ ክፍት ነው ይበሏቸው። የሰራተኛውን የአይን ህመም ግን ለማስረዳት ብለው አይናገሩ፣ እሱ ካልፈቀደ የጤናው ጉዳይ ሚስጥሩ ነው። የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጻፉትና ከሶስት ወር በኋላ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ አይኑ እየቀነሰ ከሆነ ፍላጎቱም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ሁሉን ነገር መድልዎ ማለት አልበዛም? ከማን ጋር እንደምውል ማንን እንደማገባ እኔ ነኝ የምወስነው። ሰው ሳይመርጥ ይኑር?

መልስ፦ ይምረጥ እንጂ። ጓደኛህንና የትዳር አጋርህን ማንም አይመርጥልህም፣ ትዳር በሁለቱ ነጻ ፈቃድ መሆኑን ራሱ የ1948ቱ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 16 ላይ ያስቀመጠው ነው። ልዩነቱ ያለው እጅህ ላይ የሌላው ሰው ነገር ሲኖር ነው፣ ደሞዙ፣ ማርኩ፣ ወረፋው፣ ህክምናው፣ የሚፈርምለት ወረቀት። እዛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚመርጠው ያንተ ስሜት መሆኑ ይቀራል፣ መስፈርቱ ነው የሚመርጠው።

ጥያቄ፦ ሚቲንግ ላይ አለቃችን አንዷን ባልደረባዬን በወገኖቿ ላይ ቀልድ ቀለደባት። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅኩም ግን ዝም አልኩ። ሳምንት ሆነው፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ዝም ያለ ሰውም ጥፋተኛ ነው? (ጥግ ላይ የተቀመጥኩት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው፣ በመጀመሪያ እሱ ይለይ። ግን ደብዳቤህን ሳነብ የራሴ ነገር መጣብኝ። ተማሪ እያለሁ አንድ አስተማሪ ከጎኔ የሚቀመጠውን ልጅ አባቱ በሚሰራው ስራ ጠራው፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከብዙ አመት በኋላ ከልጁ ጋር ስንገናኝ ያነሳልኝ የአስተማሪውን ቃል አይደለም፣ አንተ እኮ ወደ መስኮት ዞርክ ነው ያለኝ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ፈገግ ማለቷን እንደ ፈቃድ እንዳታየው። ሁሉም እያየህ ስትሰደብ ፈገግታ መከላከያ ነው፣ ብታለቅስ ቀልድ አታውቅም ትባላለች።

ብዙ ሰው ዝም የሚለው ትልቅ ንግግር ማድረግ ያለበት ስለሚመስለው ነው። አንድ ጥያቄ ይበቃል። ሃንሳ መህታ የምትባል የህንድ ተወካይ ነበረች፣ የሰብአዊ መብቶች መግለጫው ሲረቀቅ አንቀጽ 1 በእንግሊዝኛው ወንዶች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው ይወለዳሉ ተብሎ ሊነበብ በሚችል ቃል ነበር የተጻፈው፣ ቃሉ ሰውን ሁሉ ያጠቃልላል የሚል ሰው ሞልቶ ነበር፣ እሷ ግን ሴቶችን ለማስቀረት ሊጠቀሙበት ይችላሉ ብላ ሰዎች ሁሉ ይባል አለች፣ ተቀየረ። በ1948 ዲሴምበር 10 በ48 ድጋፍና በ8 ድምጸ ተአቅቦ ሲጸድቅ አንድም ተቃውሞ አልነበረም፣ ዛሬ ስንጠቅሰው የምንጠቅሰው የሷን ቃል ነው።

አንተም ለሚቀጥለው አንድ አረፍተ ነገር ይዘህ ግባ፣ “ይቅርታ አልገባኝም፣ ምን ለማለት ነው?” በል፣ ረጋ ብለህ። እንዲህ አይነት ቀልድ ሲተረጎም አያስቅም፣ ተናጋሪው ራሱ ለማስረዳት ሲሞክር ይሰማዋል። አለቃ ስለሆነ ሊከብድህ እንደሚችል አውቃለሁ፣ ካልቻልክ ወሬውን ወደ አጀንዳው መመለስም አንድ ነገር ነው።

ከዛ በፊት ግን እሷ ጋ ሂድ፣ ዛሬ። ብዙ አታውራ፣ የህሊና ይቅርታህንም አታሸክማት፣ “ያን ቀን የተባለው ልክ አልነበረም፣ ሰምቻለሁ፣ ዝም በማለቴ አዝናለሁ። ማመልከት ከፈለግሽ ምስክር እሆናለሁ” በላት። ሳታማክራት ሄደህ እንዳታመለክት፣ በቀሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ሊሆን ይችላል፣ በብዙ አገር ህግ ያመለከተንም የመሰከረንም ሰው መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ቢሆንም። አንተ ግን ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አሁኑኑ ጽፈህ አስቀምጥ፣ ሳምንት አልፎታል፣ ቃል ይረሳል። ማመልከት አልፈልግም ካለችህ ውሳኔው የሷ ነው፣ ወረቀቱን ግን አትጣለው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሀሳቧን ቀይራ ልትጠይቅህ ትችላለች።